ለጨረቃ የተሰጠ ኦፍ

የአውሮፕላን ጋዝ ሽታ እወዳለሁ ስል ልጄ ሰሚራ ጤንነቴን ትጠራጠራለች። እውነቴን ነው። ብቻውን ግን አይደለም፤ አዲስ ከታጨደ ሣርና ፀሐይ ሲመታው ከዋለ የወንዝ ጭቃ ጋር ሲደባለቅ ነው ደስ የሚለኝ። ይህን ሽታ የማገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ ዳር ዳሩን ይዞ ወደ ሰሜን በሚሄደው የእግር መንገድ ላይ፣ አውሮፕላኖቹ ጎማቸውን ዘርግተው ከሰው አናት በላይ በሚያልፉበት ሜዳ አጠገብ። ሌላው ሰው ወደዚያ ሜዳ የሚመጣው ለልጆቹ አውሮፕላን ሊያሳይ ነው። እኔ የምመጣው ልሮጥ ነው። ስልሳን ካለፍኩ ቆየሁ፣ ጉልበቴም ስነሳ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል፣ ግን እሮጣለሁ። ሩጫዬን ያየ ሰው እርምጃ ነው ሊል ይችላል፤ እኔ ግን ሩጫ ነው ብዬ ወስኛለሁ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ረመዳን በሃያ ዘጠነኛው ጾም፣ ማፍጠሪያው ሲቃረብ፣ መኪናዬን ሜዳው ጋ አቁሜ ወረድኩ። ሰሚራ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለች። «ማሚ፣ እየጾምሽ ጆግ ልታደርጊ ነው? አር ዩ ሲሪየስ?» «ቀስ ብዬ ነው ልጄ፣ ደሜን ላንቀሳቅስ ብዬ።» «ጨረቃዋ ዛሬ ከታየች ነገ ዒድ ነው እኮ። ኪድስ አንቺን እየጠበቁ ነው፣ ፕሊዝ እንዳትወድቂ።» እሺ ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ፤ በሌላው ኪሴ በላስቲክ የጠቀለልኩት ተምር ነበር። ከኤርፖርቱ ወዲያ ያለው ድልድይ ድረስ ሄጄ ስመለስ፣ ሜዳው ዳር ካሉት አግዳሚ ወንበሮች በአንዱ ላይ ረጅም ሽማግሌ ፈረንጅ ምርኩዙን ጉልበቶቹ መሀል አቁሞ ተቀምጧል። አልፌው ልሄድ ስል «ዛራ» አለኝ። በዚህ አገር ስሜን አሳጥሮ ዛራ የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ዘሃራ ነኝ ብዬ ለዓመታት ባርመው ያልታረመው የድሮ አለቃዬ፣ ሚስተር ግሌን። «አሁንም ትሮጫለሽ» አለኝ። «አንተው አይደለህ ያስጀመርከኝ» አልኩት። ሳቀና አጠገቡ ያለውን ቦታ በእጁ መታ መታ አደረገልኝ። ወንዙን ከኋላችን አድርገን ተቀመጥን። ፊት ለፊታችን፣ ከመኪናው መንገድ ባሻገር፣ የአርሊንግተን ፎቆች ቆመዋል። ከእነሱ አንዱ የእኛ ሆቴል ነበር። ስሙን ስንት ጊዜ ቀያይረውታል፣ ግድግዳው ግን ያው ነው።

ያኔ ያ ሆቴል ገና የቀለም ሽታው አልለቀቀውም ነበር። እኛ የምንሠራው ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ላውንደሪ ነው። ሦስት ነን። እትዬ ልኬ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ የሁላችን ታላቅ፣ ስካይላይን ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ የሚኖሩ የጎጃም ሰው። አስካለ፣ ምላሷ እንደ እጇ የፈጠነ የአዲስ አበባ ልጅ። እና እኔ፣ የደሴዋ ዘሃራ። እኔና አስካለ ኮሎምቢያ ሃይትስ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነበርን፤ እሷ ከላይ እኔ ከታች፣ ስትፈልገኝ ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች። ሰፈሩን ዛሬ መስታወት በመስታወት ሆኖ ሳየው የት እንደቆምኩ ይጠፋኛል። ያኔ አሥራ አራተኛው ጎዳና ማዕዘን ላይ፣ በጫማ ሰፊውና በዶሮ ጠባሹ መሀል፣ ሳንቲም እየበላ ዝም የሚል የሕዝብ ስልክ ነበረ፤ አበሻ ሁሉ ሲፈላለግ የሚገናኘው እዚያ ነው። ወደ አገር ቤት አንድ ደቂቃ ማውራት ከጥሩ ምሳ ይበልጥ ስለነበር ወሬ የሚመጣው በሰው ነው። የባሱ ዋጋ ዶላር አይሞላም። አዲስ ካሴት ሲመጣ አንዱ ይገዛና ሕንፃው በሙሉ ይገለብጠዋል፤ ከግልባጭ ሲገለበጥ ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል፣ እኛም እንደዚያው ሸምድደን አብረን እንዘፍናለን። አስካለ ትከሻው ስፖንጅ የተሞላ ቀይ ኮት ነበራት፤ በር ላይ በጎን ነበር የምትገባው። እኔ ደግሞ ከቅናሽ ሱቅ በስምንት ዶላር የገዛሁት ረጅም የጂንስ ቀሚስ ነበረኝ፤ ለሠርግም ለሥራም ያው እሱ ነው። ደሃ ነበርን መሰለኝ። ግን ያኔ ይህን ያህል አልታወቀንም፣ ሳቅ እናበዛ ነበር።

ያልነበረን ነገር በዓል ነው። ሆቴል የሚሞላው ሌላው ሰው ሲያከብር ነው። በየዓመቱ የዕረፍት ቀን ምርጫ ይወጣል፤ መጀመሪያ የሚመርጡት የፊት ዴስክ ልጆች ናቸው፣ ቀጥሎ ኩሽናው፣ ቀጥሎ ሻንጣ ተሸካሚዎቹ፣ በመጨረሻ እኛ። ለእኛ የሚተርፈን ማንም የማይፈልገው ማክሰኞ ነው። እነ እትዬ ልኬ ገናቸውን ማግኘት ቢቸግራቸውም ቢያንስ ቀኑ የታወቀ ነው። የእኔ ዒድማ የተቆረጠ ቀን እንኳ የላትም። ሚስተር ግሌንን በጠየቅኩት ቁጥር «ደስ ይለኛል ዛራ፣ ቀኑን ንገሪኝ» ይላል። «ጨረቃ ስትታይ ነው» እለዋለሁ። «መቼ ነው የምትታየው?» «ዋዜማው ማታ ነው የሚታወቀው።» እጁን ዘርግቶ «ታዲያ ለጨረቃ እንዴት ኦፍ እሰጣለሁ?» ይለኛል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የዕረፍት ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ቁጥር ነው ያጣው። እንዲህ እያለ ዒድ በመጣ ቁጥር እኔ እንፋሎት ውስጥ አንሶላ ሳጥፍ እውላለሁ፤ ባሌም ፓርኪንግ ስለሚሠራ እንደኔው ነው። አንድ ዒድ ከሥራ ገብቼ፣ ያኔ አምስት ዓመት ያልሞላትን ሰሚራን አቅፌ «ዒድ ሙባረክ» ስላት፣ ቀና ብላ «ዒድ ምንድነው?» አለችኝ። ባሌ ወደኔ ላለማየት ጫማውን መፍታት ጀመረ። ከዚያ ቀን ወዲህ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አንድ ዒድ፣ ከጠዋቱ ሶላት እስከ ማታ፣ ከልጄ ጋር።

በዚያ ሰሞን ነው ሚስተር ግሌን ሩጫውን ያመጣው። ቅጠሉ መቅላት ሳይጀምር ሜዳው ላይ የሠራተኛ ሽርሽር ይደረጋል፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ክፍል ሦስት ሦስት ሰው አውጥቶ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሜዳው በወንዙ ዳር በቅብብል ይሮጣል፤ ያሸነፈው ክፍል የመጪውን ዓመት ዕረፍት መጀመሪያ ይመርጣል። ይህን ሊነግረን ምድር ቤት ሲወርድ ፊቱ ያበራል። «እናንተማ ኢትዮጵያውያን ናችሁ፣ ትሮጣላችሁ፣ አይደል?» አለን። እኔ ባስ ሲያመልጠኝ እንኳ ሮጬ አላውቅም። ከአስካለ ጋር ስንተያይ፣ እትዬ ልኬ ፎጣውን አስቀምጠው ቀጥ ብለው ቆሙና «የስ። ኦፍ ኮርስ» አሉት። እስኪወጣ ጠብቀን ተነሳንባቸው። «እትዬ ልኬ፣ ምነው እንዲህ ያደርጉናል? መቼ ሮጠው ያውቃሉ?» አለች አስካለ። «ታዲያ ምን ልበለው? ሰውየው በአገራችን ኮርቶ ደረጃውን ሁሉ ወርዶ መጥቶ፣ አንሮጥም ብዬ ላሳፍረው?» ይሉኝታ ያልገባበት የለም፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነና ተመዘገብን። እኔ ግን ልቤ የቀረው ሌላ ቃል ላይ ነበር። መጀመሪያ ይመርጣል ነው ያለው።

ለልምምድ ሦስታችንም አንድ ዓይነት ነጭ ስኒከር በአሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ዶላር ገዛን። ማለዳ ከሥራ በፊት ወንዙ ዳር እንገናኛለን። አስካለ ቀዩን ኮት አታወልቅም፣ እኔ የጂንስ ቀሚሴን ከሱሪ በላይ ለብሼ ሻርፔን አጥብቄ አስራለሁ፣ እትዬ ልኬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ይታጠቃሉ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ዛፍ አልፈን ሁለተኛው ሥር ተቀመጥን። የእትዬ ልኬ ነጠላ ተፈቶ መንገዱ ላይ ሲዘረጋ አስካለ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው» ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። ችግሩ የእግር መንገዱ ከመኪናው መንገድ ጎን ለጎን መሄዱ ነው። የሰፈራችን ባለታክሲ ጋሽ ተፈራ ኤርፖርት ሰው አድርሰው ሲመለሱ አዩን። እንግዲህ ትልልቅ ሴቶች በጠዋት፣ አንዷ ነጠላ ታጥቃ፣ ሌላዋ እንባዋን እየጠረገች፣ ሲሮጡ ያየ አበሻ ምን ይላል?

በዚያው ቀን ከሥራ ገብቼ ለሰሚራ ራት ሳቀርብ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቶቻችን ባልና ሚስት ጥቁር ለብሰው ገቡና ዝም ብለው ተቀመጡ። ሌሎች ቀጠሉ፣ አንዱ ተጣጣፊ ወንበር ተሸክሞ፣ አንዷ በድስት ምስር ይዛ። ማንም ምንም አይልም። በእኛ ዘንድ ሰው እንዲህ ዝም ብሎ ተሰብስቦ ከመጣ መርዶ ይዞ ነው። ደሴ ያሉት አባቴ ናቸው አልኩ በልቤ። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እነሱ ደግሞ እኔ ሳለቅስ ሲያዩ ነገሩ እውነት ነው ለካ ብለው አብረውኝ አለቀሱ። አስካለ ለቅሶውን ሰምታ በባዶ እግሯ ከላይ ወረደች፤ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ከሁላችንም በላይ አለቀሰች። ቤቱ እንዲህ እየተተራመሰ ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። «ጠዋት ስትሮጪ ሳይሽ ነው የገባኝ። እግዜር ያጽናሽ ልጄ። ማን ናቸው?» «ማን ማለት?» «የሞቱት።» «እናንተ አይደላችሁ እንዴ የምትነግሩኝ?» አልኩ። ሁሉም ተያየ። አንዱ ሌላው ያውቃል ብሎ፣ ሌላው ዘሃራ ታውቃለች ብሎ ነው የተሰበሰበው። አስካለ አፍንጫዋን በኮቷ እጅጌ ጠርጋ «ማንም አልሞተም፤ ለውድድር እየተለማመድን ነው» ስትል፣ ያ ሁሉ ለቅሶ ወደ ሳቅ ተገለበጠ። ምስሩ ተበላ። ስለ ዒዱ ስነግራቸው ግን ጋሽ ተፈራ መሳቃቸውን አቆሙ። «እንግዲያው ያስለቀስንሽን እንክሳለን። የሩጫው ቀን እንመጣለን» አሉኝ።

በሩጫው ቀን አራት ቡድን ተሰለፈ። የፊት ዴስኮቹ ኮሌጅ ውስጥ ሲሮጡ የነበሩ ልጆች ናቸው፣ የሚያብረቀርቅ ቁምጣ ለብሰዋል። ዱላ ስላልነበረ ለእያንዳንዱ ቡድን የተጠቀለለ የእጅ ፎጣ ተሰጠ፤ እኛው ያጠብነው ፎጣ። እትዬ ልኬ ከአሌክሳንድሪያ ይነሳሉ፣ አስካለ ጀልባ ማቆሚያው ጋ ትቀበላለች፣ እኔ ድልድዩ ጋ። ድርሻውን የጨረሰ ሰው በሆቴሉ ቫን ወደ ሜዳው ይወሰዳል። ድልድዩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ የፊት ዴስኮቹ ደርሰው ተቀባበሉ፤ የመጨረሻው ልጃቸው እንደ ጥይት ሄደ። ሻንጣ ተሸካሚዎቹም ኩሽናዎቹም አለፉ። የእኛ ወገን የለም። ሰሚራ ሜዳው ላይ ከአባቷ ጋር እየጠበቀች ነው፤ ዒዴ በወንዙ ሲፈስ የማየው መሰለኝ። በመጨረሻ መታጠፊያው ላይ ቀዩ ኮት ብቅ አለ። ከጎኑ ግን ነጠላም አለ። እትዬ ልኬ ቫኑ ውስጥ መሆን ሲገባቸው ከአስካለ ጋር እየሮጡ ነው። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ፎጣውን ሲያቀብሏት «ብቻሽንማ እንዴት ትሄጃለሽ፣ እስከ ዛፉ ልሸኝሽ» አሏት። ከዛፉ እስከ መታጠፊያው፣ ከመታጠፊያው እስከ ድልድዩ ሆነ። የእኛ ሽኝት መቼም ማብቂያ የለውም፤ እንግዳ ተቀምጦ ከተጫወተው ይልቅ በር ላይ ቆሞ የሚሰናበተው ይረዝማል። አስካለም ፎጣውን እጄ ላይ ጣለችና አልቆመችም። «ነይ፣ እስከ ኤርፖርቱ አጥር ልሸኝሽ» አለችኝ።

ሮጥን። ኩሽናዎቹ ዋዜማውን ሲጠጡ ስላመሹ ቶሎ ደረስንባቸው። ሻንጣ ተሸካሚው ወፍራም ሰው ነበር፣ «ጎ፣ ጎ» እያለ ራሱ አሳለፈን። ከዚያ በኋላ ጎኔን ውጋት ያዘኝ። «አስካለ፣ አልቻልኩም፣ ትንሽ ልራመድ» አልኳት። እሷ እንዳልሰማ ሆና ወሬ ጀመረች፤ ሕንፃችን ውስጥ ስላለች አንዲት ሙሽራና ስለ ሁለት እጮኞቿ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን በሩን ስላንኳኩ። «እና ምን ሆነ?» አልኩ እያለከለክሁ። «አጥሩ ጋ እነግርሻለሁ።» አጥሩ ጋ ስንደርስ «ሜዳው ጋ እነግርሻለሁ» አለች። እትዬ ልኬ ከኋላ ቀርተዋል፣ ድምፃቸው ግን ይሰማል፤ «ደረስሽ፣ ደረስሽ» ይሉኛል። በመኪናው መንገድ ላይ ደግሞ ታክሲ በታክሲ ተሰልፎ ጡሩምባውን ይነፋል። ጋሽ ተፈራ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ዘሃራ፣ ዒድሽ ያችውልሽ! ያዢያት!» አሉኝ። ቀና ስል፣ ዒዴ ያሉት ያ የፊት ዴስክ ልጅ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ጎኑን ይዞ እየተራመደ ነው። የሚሸኘው ሰው የለም። ሊሮጥ ሞከረ፣ እግሩ እምቢ አለው። ሰሚራን በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና አየኋት፤ ውጋቱም ጠፋ፣ እግሬም የእኔ መሆኑን ረሳሁት። አንድ አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ በላያችን ሲያልፍ፣ ያ የጋዝና የሣርና የጭቃ ሽታ ሁሉ ሳንባዬ ውስጥ ገብቶ፣ ፎጣዬን ከፍ አድርጌ ሜዳው ውስጥ ገባሁ። ቀድሜው ነበር።

ፊት ዴስኮቹ «በአንድ ሰው ቦታ ሦስት ሰው ሮጠ» ብለው ከሰሱን። ሚስተር ግሌን እትዬ ልኬን ለምን እንዳልቆሙ ጠየቃቸው። ሣሩ ላይ ተዘርግተው ነጠላቸውን እያራገቡ በእንግሊዝኛቸው መለሱለት። «ሺ ኢዝ ጎይንግ። ዊ ጎ ዊዝ ሄር። ሊትል ቢት።» ሚስተር ግሌን አገጩን እያሸ አሰበና «ፎጣው ከእጅ ወደ እጅ ሄዷል። የጨረሰ ሰው መሮጡን ቢቀጥል አትችልም የሚል ሕግ አላወጣሁም» አለ። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ የላውንደሪ ስም ከላይ ወጣ። እትዬ ልኬ ገናን፣ አስካለ ፋሲካን ያዙ። የእኔ ተራ ሲደርስ ዛራ ብሎ ጻፈና እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ በቁጥሩ ቦታ ቀጭን ጨረቃ ሳለ። «ማታውን ደውይልኝ። ምን ትይኛለሽ?» አለኝ። «ታየች እልሃለሁ» አልኩት። የአማርኛውን ቃል አፉ ውስጥ እያገላበጠ ደጋገመው።

ደወልኩ። ረመዳን ሲያልቅ ከአሥራ አራተኛው ጎዳና ማዕዘን ላይ፣ የሕዝብ ስልኩ የመጀመሪያውን ሳንቲሜን በልቶብኝ፣ በሁለተኛው «ሚስተር ግሌን፣ ታየች» አልኩት። «ነገ ኦፍ ነሽ» አለኝ። ሰሚራ በዘጠኝ ዶላር የገዛሁላትን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ እጇ ሂና ተቀብቶ፣ ሶላቱ ላይ አጠገቤ ቆማ እኔ ስጎነበስ እየጎነበሰች፣ ጉንጯን ከረሜላ ሞልታ ዋለች። ማታ ባስ ውስጥ እቅፌ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት «ዒድ ነገም ነው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሚስተር ግሌን እስኪለቅ ድረስ በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ ያቺ ቀጭን ጨረቃ አልቀረችም።

አሁን የሰሚራ ልጆች የሚማሩበት የሲልቨር ስፕሪንግ ትምህርት ቤት ለዒድ ራሱ ይዘጋል። ይህን ለሚስተር ግሌን ስነግረው ምርኩዙን መሬት ላይ መታ አድርጎ «ለሁሉም ኦፍ?» አለ፣ እሱ የሰጠው ይመስል ደረቱ ተነፍቶ። ስለ አስካለ ጠየቀኝ፤ ጉልበቷ ቢያማትም ምላሷ ደህና ነው፣ የሙሽራዋን ወሬ ግን እስከ ዛሬ አልጨረሰችልኝም አልኩት። እትዬ ልኬንም አንድ ክረምት እንደሸኘናቸው ነገርኩት፤ እስከ ዛፉ አይደለም፣ እስከ መጨረሻው። ፀሐይዋ ስትገባ ተምሬን ፈታሁ፣ አንዷን ለእሱ ሰጠሁት፣ እኔም አፈጠርኩ። ሊሄድ ሲነሳ ክንዱን ያዝኩ። «እስከ መኪናህ ልሸኝህ» አልኩት። «ሊትል ቢት?» አለኝ እየሳቀ።

ቀስ እያልን ስንሄድ ድንገት ቆመ። ደከመው ብዬ ፊቱን አየሁት፤ እሱ ግን ምርኩዙን አንስቶ ከድሮው ሆቴላችን ጣሪያ በላይ ወዳለው ሰማይ እያመለከተ ነው። የእኔ ዓይን ቶሎ አልያዛትም። ሚስተር ግሌን ያንን አንድ ቃል ያን ሁሉ ዓመት አልረሳውም ነበር።

«ታየች» አለኝ። «ዛራ፣ ነገ ኦፍ ነሽ።»

ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ደስታው ግን እንደ ያኔው መጣብኝ። ስልኬን አውጥቼ ሰሚራ ጋ ደወልኩ። ሰላምታም ሳልሰጥ «ታየች» አልኳት። ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ልጆቿ ዞራ ስትነግራቸው ሰማሁ። በአማርኛ ሳናግራቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱልኝ የልጅ ልጆቼ፣ ቤቱን በሩጫ እየዞሩ፣ አንዱ ከአንዱ አፍ እየነጠቀ፣ «ታየች! ታየች!» ይላሉ።